ላሟ ኮድ አላት

10ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ለሳንባ እጅግ አዛኝ ነው። የገበሬ ሳንባ ጄ67.0 ተብሏል፤ የብቅል ሠራተኛው ጄ67.4፣ የእንጉዳይ ሠራተኛው ጄ67.5። የሜፕል ዛፍ ቅርፊት ላጮች እንኳ፣ ስንት እንደሆኑ እንጃ፣ ጄ67.6ን ለብቻቸው ይዘዋል። አሜሪካኖቹማ በራሳቸው እትም ላም ለመታችው ሰው ደብልዩ55.22ን ሰጥተዋል። በላሟ ኩበት ጭስ ዕድሜ ልኩን ለታፈነ ግን ለብቻው የተቆረጠ ቁጥር የለም።

ደቡብ ወሎ፣ ወግዲ ውስጥ ማድ ቤት ግቡ። መስኮት የለም፤ ጣራው በጥላሸት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። እናት ምጣዱ ስር ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ትማግዳለች፤ እሳቱ ሲደክም ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። ከዓመታት በኋላ ሳል ጸንቶባት፣ ትንፋሿ አጥሮ ዳገት እንቢ ሲላት (በወግዲ ደግሞ ዳገት የሌለበት መንገድ ካለ አሳዩኝ) ሐኪም ፊት ትቀመጣለች።

«እማማ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ኧረ ልጄ፣ ምን በወጣኝ!»

«አያጨሱም» ተብሎ ይጻፋል። አክታዋ ተመርምሮ ቲቢ ይጠፋበታል። የሳንባዋን ጠባሳ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ደሴ ነው፤ ደሴ ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አር05 ትሆናለች፦ ሳል። ወዳጅ ዘመድ አዋጥቶ ቢልካትና ጠባሳው ቢታይ፣ ጭሱን የጠየቃት ከሌለ «መንስኤው ያልታወቀ» የሚል ማዕረግ ይጠብቃታል።

የምደባው 11ኛው እትም በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል ጠባሳው ከጄ84 ወደ ሲቢ03 ተዛውሯል። ኩበቱ እዚያው ነው።