እልልታ ከሩቅ አገር

እ.ኤ.አ. በጁን 1974 የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰንን ቤታቸው አልመች አላቸው። የዋተርጌት ቅሌት ጣጣ አንገታቸው ደርሷል፤ ኮንግረሱ እንዴት እንደሚያነሳቸው ይመክራል፤ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ በቢሮዎ የተቀዳውን ድምፅ ያምጡ ይላል። እንዲህ የተያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ሻንጣውን ይሸክፋል።

ካይሮ ሄዱ። ግብፅ ከ1967ቱ ጦርነት ጀምሮ ከአሜሪካ ጋር ተኳርፋ ከርማ የታረቀችው ገና በዚያው ዓመት ነበር። የግብፁ ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳት ጎኑ ክፍት በሆነ ባቡር ወደ እስክንድርያ ይዘዋቸው ሲወርዱ፣ በሐዲዱ ግራና ቀኝ የተሰለፈው ሕዝብ በደስታ ጮኸላቸው። ኒክሰንም ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ግራ እግራቸው በደም ሥር ብግነት አብጧል፤ ግን አገር ቤት ከሚጠብቃቸው ክስ ያበጠ እግር ሳይሻል አይቀርም።

ለሳዳት ሄሊኮፕተር በስጦታ ተበረከተ። ከደማስቆ ጋር የተቋረጠው ግንኙነት ተቀጠለ። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ሞስኮ፣ የሶቪየቱ መሪ ብሬዥኔቭ ዘንድ!

ሐቁን ለመናገር፣ ጉዞው ባዶ አልነበረም። ሞስኮ ላይ እያንዳንዱ ወገን የሚፈቀድለትን የፀረ ሚሳይል ጣቢያ ከሁለት ወደ አንድ የሚቀንስ ስምምነት ተፈርሟል። ችግሩ፣ የእስክንድርያ ሰው በአሜሪካ ሴኔት ድምፅ የለውም።

ያ ሁሉ ሆታ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ኦገስት 9 ቀን፣ ኒክሰን ሥልጣናቸውን ለቀው ከዋይት ሐውስ ግቢ በሄሊኮፕተር ወጡ። ያቺኛዋ ሄሊኮፕተር የሳዳት ሆና ቀረች።