ፎር ኬ እና ሶፋው

ፎር ኬ ቴሌቪዥን በአግድም 3840፣ በቁመት 2160 የምስል ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ ከ8 ሚሊዮን ይበልጣል። ከእሱ በፊት የነበረው ፉል ኤችዲ ግን 2 ሚሊዮን ያህሉን ብቻ ይዞ ባለቤቱን ለዓመታት ሲያሳፍር ኖሯል። በወለጋ ከተሞች፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ፣ ቡና ተሽጦ ብር እጅ ሲገባ፣ እንከን የማይወጣለትን ቴሌቪዥን አውርዶ ባለ 55 ኢንች ፎር ኬ መስቀል የደህና ቤት ምልክት ሆኗል። ጎረቤት «እስካሁን አልቀየራችሁም?» ብሎ ከጠየቀ ወዲያ ክርክር የለም።

የመጀመሪያው ጥቅም የሚታየው ሱቅ ውስጥ ነው። ሻጩ ፍላሽ ይሰካል፤ ማር ይንጠባጠባል፣ አበባ ይፈካል፣ ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ ይዋኛል። ቤት ሲገባ ዲሹ የሚያመጣው ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚያሰራጩት በኤችዲ ወይም ከዚያ ባነሰ ጥራት ነውና። የጎደለውን ቴሌቪዥኑ ራሱ ይሞላዋል። ፉል ኤችዲ ምስል ሲደርሰው ከየአራቱ ነጥብ ሦስቱን በግምት ይፈጥራል፤ አንድ ወሬ ሰምታ ሦስት ጨምራ እንደምታወራ ጎረቤት ማለት ነው። ብልህ ገዢ ስለዚህ ፍላሹንም ለምኖ ይወስዳል፤ እንግዳ ሲመጣ ዜናው ይቋረጥና ማሩ ይንጠባጠባል።

ሁለተኛው ጥቅም ሳሎንን ማደራጀቱ ነው። ባለ 55 ኢንች ስክሪን ላይ ጤናማ ዓይን ፎር ኬን ከፉል ኤችዲ የሚለየው ከ2 ሜትር ከ20 ሳንቲም ገደማ ባነሰ ርቀት ነው፤ ሙሉ ጥራቱን ለማግኘት ደግሞ ወደ 1 ሜትር ከ10 መጠጋት ያስፈልጋል። የሳሎን ሶፋ ግን ግድግዳ ተደግፎ የኖረ ነው፤ መሀሉ የጠረጴዛውና የረከቦቱ ነው። ስለዚህ ሶፋው ወደፊት ይገፋል፤ ጠረጴዛው ይወጣል። ረከቦቱ ከሶፋው ጀርባ ይዛወራል፤ ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒውን በትከሻ ላይ አሳልፋ ታቀብላለች። በዚያ ርቀት ተመችቶት የሚያየው ሦስት ሰው ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ለቤተሰቡ ተራ ይወጣለታል። አባትና እናት ይቀድማሉ፣ አያት ይከተላሉ፣ ልጆች ከእረፍት በኋላ ይገባሉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው የባለቤቱን ማጅራት እያየ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅም የልጅቷ አባት የሚመልሱት ፊታቸውን ሳያዞሩ ነው፤ ሽማግሌዎቹ መፍቀዳቸውን የሚያውቁት በጥቁሩ ስክሪን ላይ ፈገግታቸው ሲንጸባረቅ ነው። ለዚህም መብራት መጥፋት አለበት።

እሱ አያስቸግርም። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ያለው እዚያው ወለጋ፣ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው የራስ ወገን ነው። ስታቢላይዘር ለብቻው ይገዛል። በኢንተርኔት ፊልም በፎር ኬ ለማየት በሰከንድ ቢያንስ 15 ሜጋቢት ያህል ያስፈልጋል፤ በ2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተዘግቶበት የኖረ የምዕራብ ወለጋ ቤተሰብ ግን ምስል መጠበቅ አዲስ አይሆንበትም።

የሚሠራ ቴሌቪዥን አውርዶ ፎር ኬ መግዛት ብር መበተን ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይከፈል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስክሪን የሚያሳየው ጥራት ሳይሆን የባለቤቱን ይሉኝታ ነው። የድሮው ከተቃጠለ ነገሩ ይለያል፤ በገበያ ላይ ያሉት ትልልቅ ስክሪኖች አሁን ሁሉም ማለት ይቻላል ፎር ኬ ስለሆኑ ምርጫ ራሱ የለም።

ፎር ኬን ለገዙትም ዕረፍት አልተፈቀደም። ኤይት ኬ የተባለው 33 ሚሊዮን ነጥብ ይዞ ተሠርቷል። የባለ 55 ኢንቹን ሙሉ ጥራት ለማየት 55 ሳንቲም ላይ መቀመጥ ይበቃል፤ ለዚያ ዱካ ካለ ሶፋውን መሸጥ ይቻላል።