የማን ልጅ ነው? በተከታታይ ድራማ ዝምድና ላይ የተደረገ ጥናት

ተከታታይ ድራማ በቂ ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም የሚል ቅሬታ አልፎ አልፎ ይሰማል። ቅሬታው መሠረት የለውም። ጥናቱ በየሳሎኑ፣ ከራት በኋላ፣ ሶፋ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው በተቀመጡ ተመራማሪዎች ሳያቋርጥ ይካሄዳል። የጎደለው ማዕረጉ ብቻ ነው። የእነዚህ ምሁራን መጠይቅ አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፤ አዲስ ገጸ ባሕሪ በር ከፍቶ በገባ ቁጥር «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። አጠገባቸው ያለው «ዝም ብለሽ እዪ፣ ይነግሩሻል» ቢልም ጥያቄው አይቀርም።

ዘዴው ከጋብቻ ወግ የተወሰደ ነው። ሽማግሌዎች ልጆቹን ከማጋባታቸው በፊት እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ይቆጥራሉ። ይኸው መሣሪያ በቴሌቪዥን ላይ ሲሞከር ሰባት ቤት ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ቤት ላይ ነገሩ ያልቃል።

ለናሙና የተመረጠው «ሎስት» ነው። በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 በ6 ምዕራፍ የታየ ድራማ ሲሆን፣ ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር የነበረ አውሮፕላን አንዲት ደሴት ላይ ይከሰከሳል። ከዚያ ጥቁር ጭስ ሰው ይገድላል፣ በሞቃት ጫካ ውስጥ የዋልታ ድብ ይሮጣል፣ በየ108 ደቂቃው ኮምፒውተር ላይ ስድስት ቁጥሮች ካልተጻፉ ጉድ ይፈላል። የቁጥሮቹ ድምርም 108 ነው። ዓለም ስድስት ዓመት የተጨነቀው በዚህ ነበር። ይህ ጥናት ግን ጭሱንም ድቡንም «የጌጥ ምስጢር» በሚል ርዕስ አንድ ጥግ አስቀምጧቸው አልፏል።

ዋናው ምስጢር ሬሳ ሣጥን ውስጥ ነው። ጃክ የሚባለው ሐኪም በዚያ አውሮፕላን ይዞት የሚሄደው ሲድኒ ላይ የሞተውን የአባቱን አስከሬን ነው። አባትየው ክርስቲያን ሼፈርድ አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። በዚያው አውሮፕላን ክሌር የምትባል ነፍሰ ጡር አውስትራሊያዊት አለች። የአባቷን ስም ማወቅ አልፈለገችም፤ ሆኖም የእናቷን የሆስፒታል ወጪ የሚከፍል አሜሪካዊ ሐኪም መሆኑን ታውቃለች። ሁለቱ አብረው ከሞት ተርፈው፣ አንድ እሳት ዳር ተቀምጠው ሰነበቱ። «አባትሽ ማነው? ሥራውስ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ጃክ ክሌር እህቱ መሆኗን የሰማው ከደሴቲቱ ወጥቶ፣ በአባቱ መታሰቢያ ላይ፣ ከክሌር እናት አንደበት ነው። ክሌር ያኔ ደሴቲቱ ላይ ቀርታለች። ሥጋ ዘመድ ለቅሶ ላይ ብቅ ማለቱ ለማንም እንግዳ አይደለም፤ የሚገርመው እዚያ ለመድረስ አራት ምዕራፍ መፍጀቱ ነው።

አንድ ጊዜ ግን ሳይንሱ ሊሳካ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሶየር የሚባለው አጭበርባሪ ሲድኒ መጠጥ ቤት ውስጥ ከክርስቲያን ጋር ጠጥቷል። ደሴቲቱ ላይ ጃክ ስለ ቦስተን ቤዝቦል ቡድን ዋንጫ አለማግኘት አንድ አባባል ጣል ሲያደርግ ሶየር ክው ይላል፤ ቃሉን ከዚያ ሰካራም ሰምቶታል። ከየት እንዳመጣው ይጠይቀዋል። አባቴ ይለው ነበር ይላል ጃክ። ሐኪም ነበር ወይ? ነበር፣ ሞቷል፤ ለምን ጠየቅከኝ? ሶየር እንዲያው ነው ብሎ ዝም አለ። (አባባሉ ራሱ በዚያው ዓመት ፉርሽ ሆኗል፤ ቡድኑ በ2004 ከ86 ዓመት በኋላ ዋንጫውን ወሰደ።) አንድ ሰው ያወቀውን ባለመናገሩ የተገኘ የአየር ሰዓት በዚህ ዘርፍ ትልቁ ሀብት ነው።

የሶየር ጉዳይም ወደ አባት ይወስዳል፤ የራሱ ባይሆንም። አንቶኒ ኩፐር የተባለ አታላይ የሶየርን ቤተሰብ ዘርፎ እናትና አባቱን ለሞት ዳርጓል። ይኸው ኩፐር ጆን ሎክ የሚባል ልጁን አታሎ ኩላሊቱን ወስዶ፣ በኋላም ከስምንተኛ ፎቅ ገፍትሮ ጥሎታል። ሁለቱ ተበዳዮች አንድ አውሮፕላን ተሳፈሩ። ሎክ ይሠራበት የነበረው የካርቶን ድርጅት ደግሞ ባለቤቱ ሎተሪ የወጣለት ሀርሊ ነው፤ እሱም እዚያው አውሮፕላን ላይ አለ። ይህኛው ዝምድና የደም ሳይሆን የደመወዝ ነው።

የጥናቱ ጠላት ተፈጥሮ ናት። ዋልት የሚባለውን ልጅ የሚጫወተው ታዳጊ በሁለት ዓመት ቀረጻ ቁመቱ ተመዘዘ፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ያለፈው ከ70 ቀን ያነሰ ነበር። ልጁ ከድራማው ገለል ተደረገ።

ሌሎች ናሙናዎችም ውጤቱን ያጸናሉ። «ዳላስ» በ1980 ጄ.አር. የሚባለውን ገጸ ባሕሪ በጥይት አስመትቶ እንግሊዝ ውስጥ ውርርድ እስኪጀመር ድረስ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ዓለምን አስጠብቋል። ተኳሿ የሚስቱ እህት ሆነች። ሽማግሌ ተልኮ ቢሆን በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። በ1990 በጀመረው «ትዊን ፒክስ» ደግሞ የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪው ኩፐር (ከሎስቱ ኩፐር ጋር አይዛመድም፣ ተቆጥሯል) ላውራ ፓልመርን ማን እንደገደላት ለማወቅ የተጠርጣሪዎችን ስም እየጠራ ጠርሙስ ላይ ድንጋይ ይወረውር ነበር። ነፍሰ ገዳዩ ክፉ መንፈስ የሰፈረበት አባቷ ነው። ጣቢያው ገፋፍቶ ምስጢሩን ካስወጣ በኋላ ተመልካቹ ሸሸ፤ ድራማው በ1991 ተቋረጠ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት በጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተለመዱት የቱርክ ድራማዎች ለብቻ ይታያሉ። በቱርክ አንድ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ያን ያህል ሰዓት በንግግር ብቻ አይሞላም፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች በሙዚቃ ታጅበው ይተያያሉ። ለውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል፣ መተያየቱ ግን ይተርፋል። ተመራማሪዎች ቡናቸውን የሚቀዱትና ቆጠራቸውን የሚያስተካክሉት በዚህ መሀል ነው።

አዲስ ተከታታይ የሚጀምሩ አንባቢያን ከመጀመሪያው ክፍል ወረቀትና እስክሪብቶ ቢይዙ ይመከራል። የጀግናውን ጠላት ከአባቱ ወገን ይፈልጉ፤ እዚያ ካጡት አማቶቹ ቤት ይገኛል።