የሽታ አንድምታ

እግዚአብሔር ለአንዱ ሰው ያማረ ዜማ፣ ለሌላው ርቱዕ አንደበት፣ ለሦስተኛውም ገንዘብ የማያመልጠው እጅ ሲያድል፣ ለእኔ ያደለኝ አፍንጫ ነው። ይህን ማለቴ ስለ መጠኑ አይደለም፤ መጠኑ ከዘመዶቼ አፍንጫ አይበልጥም፣ አያንስምም። ነገር ግን ጠረንን ለይቶ በማወቅ ረገድ በቤተ ሰቡ ዘንድ እንደ ዳኛ ስለ ተቈጠርሁ፣ ወተቱ ማደሩን፣ እንጀራው ለመሻገት ማሰቡን፣ እንግዳውም ከየትኛው ጠጅ ቤት ጎራ ብሎ እንደ መጣ እንድፈርድ እየተጠራሁ አድጌአለሁ። ይኸው ጸጋ በስደት አገር፣ በዶሃ ከተማ፣ ናጅማ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር ጠብ አመጣብኝ። ከጥቅምት ወር መባቻ ጀምሮ በክፍሌ ውስጥ ደስ የማይል ጠረን ውሎ ማደር ስለ ጀመረ፣ ምስክር ሳልጠራ፣ የተከሳሹንም ቃል ሳልሰማ፣ ከበሬ ትይዩ በሚኖረውና ማታ ማታ ደረቅ ዓሣ በሚጠብሰው ጎረቤቴ ላይ ፈርጄ፣ ሰላምታ ከነፈግሁት ሁለት ወር አልፎት ነበር። ይህ ፍርድ ለጊዜው እዚህ ይቈየን።

ኳታሮች ብሔራዊ በዓላቸውን በሚያከብሩበት በታኅሣሥ 9 ዋዜማ፣ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልክ ተደወለ። የደወለልኝ በአንድ ባለጸጋ ቤት በሾፌርነት የሚያገለግል የአገሬ ልጅ ሲሆን፣ ድምፁ መርዶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። «ጋሼ፣ ካራቫኑ ገማ!» አለኝ። «ነገ ከቀትር በኋላ ማዳም ከነልጆቿ ትገባለች። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይድረሱልኝ።»

የዚህን አገር ልማድ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ እያለፈ ሰው ሁሉ በየቤቱ ተሸሽጎ ከከረመ በኋላ፣ ቀዝቃዛው ወራት ሲገባ፣ ባለ ሰፊ ግቢው ኳታራዊ ያንን የሚያህል ቤቱን ትቶ፣ ከመንግሥት የመስፈሪያ ፈቃድ አውጥቶ፣ በበረሃ ድንኳን ማስተከልና ካራቫን ማስጎተት ከደስታ ሁሉ የሚበልጥ ደስታው ነው። የእኛ አገር ሰው ድንኳን የሚተክለው ወይ ለሠርግ ወይ ለልቅሶ ስለ ሆነ፣ ማንም ሳይዳርና ማንም ሳይሞት ይህ ሁሉ ድንኳን መተከሉ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ካራቫን የሚሉትም ጎማ ያለው ተጎታች ቤት ነው፤ አልጋው፣ ምድጃውና መታጠቢያው በአንድ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፈው ይገኙበታል፤ መታጠቢያ ቤቱም ከመነኵሴ በዓት የጠበበ፣ ገብቶ መቀመጥና ተነሥቶ መውጣት እንጂ መዞር የማይቻልበት ነው።

ያን ማታ አልወክራን አልፈን፣ የመሳይዒድን ፋብሪካዎች ነበልባል በስተ ግራ ትተን፣ የጎማውን ነፋስ አስተንፍሰን ወደ ሲላይን አሸዋ ስንገባ፣ ሙሴ በበረሃ ለሰፈረው ሕዝብ ያዘዘውን ለሾፌሩ እተርክለት ነበር። ይኸውም ሰው ሁሉ ከሰፈር ወደ ውጭ ወጥቶ፣ በያዘው መቈፈሪያ ጕድጓድ ምሶ፣ የወጣውንም እንዲሸፍን ነው። ሾፌሩ በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ሙሴስ ደግ ሰው ነበር፤ ሽንት ቤቱን አልጋ አጠገብ አላደረገባቸውም» አለ።

በሩን በከፈትነው ጊዜ የተቀበለን ጠረን፣ አራት ቀን በመቃብር የቈየውን አልዓዛርን ያስታወሰኝ ነበር። የአገራችን የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም፣ አንድም» እያሉ እንደሚያፈታቱት፣ እኛም በሩ ላይ ቆመን ሽታውን እናፈታታው ጀመር። አንድም አይጥ ሞቶ ይሆናል አልን፤ ፈልገን አጣን። አንድም ምንጣፉ ርጥበት ጠጥቶ ይሆናል አልን፤ ምንጣፉ ደረቅ ነው። ጾመ ነቢያትን ከያዝን 24ኛ ቀናችን ስለ ሆነና በዚያም ቀን ሁለታችንም የበላነው ሽሮና ምስር ስለ ነበር፣ ሦስተኛው አንድምታ በአንደበት ባይነገርም በዓይን ተነገረ፤ እኔ እርሱን፣ እርሱም በአክብሮት እኔን ተመለከትን። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር እንዲሉ። ነገር ግን እኛ ከመድረሳችን በፊት የነበረ ሽታ ስለ ሆነ ሁለታችንም በነጻ ተለቀቅን።

የቀረው አንድምታ ከወለሉ በታች ያለው ማጠራቀሚያ ታንክ ነው። ካራቫን ሁለት ታንክ አለው፤ አንዱ የሽንት ቤቱን «ጥቁር ውሃ»፣ ሁለተኛው የገላና የዕቃ ማጠቢያውን «ግራጫ ውሃ» ይቀበላል። በታንኩ ውስጥ አየር በማይደርስበት ቦታ የሚኖሩ ረቂቃን ነፍሳት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን፣ ማለት የገማ ዕንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ይወልዳሉ። ይህ ጋዝ በትንሹ ሲሆን አፍንጫ ወዲያው ያውቀዋል፤ ሲበዛ ግን ማሽተቻውን ራሱን ስለሚያደነዝዘው፣ ሰውየው ሽታው ጠፋልኝ ብሎ ደስ በሚለው ሰዓት ወደ ሞት ቀርቧል ማለት ነው። በሰሜን በኩል በራስ ላፋን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከተገኘው ከታላቁ የባሕር ጋዝ መስክ የሚወጣውን ይህንኑ ክፉ ሽታ እያጣሩ ድኝ አድርገው ለዓለም ይሸጡታል፤ ለእኛ ግን በዚያች ሌሊት የሚገዛን አልተገኘም።

ይህን ሁሉ ትምህርት ለሾፌሩ ከሰጠሁ በኋላ ወደ ተግባር ገባሁ። ጣራ ላይ በካልሲ ወጥቼ የታንኩን መተንፈሻ ቱቦ በእጅ ባትሪ መረመርሁ፤ የወፍ ጎጆ ይኖርበታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ከጥቂት አሸዋ በቀር ንጹሕ ነው። የመቀመጫውን ጓርኒሲዮን ፈተሽሁ፤ ውሃ ይዞ ያድራል። ሾፌሩ በበኩሉ ከእኔ ሳይማከር ግማሽ ጀሪካን በረኪና ወደ ሽንት ቤቱ ቢደፋበት፣ በረኪና በሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል እንፋሎት ስለሚወልድ፣ ሁለታችንም እንባችንን እያዘራን ወደ አሸዋው ሸሸን። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚለውን የአባቶች ቃል ያን ጊዜ በሥጋዬ ተረዳሁት። ተመልሰን ስንገባ ዕጣን እናጢስ ብሎ ከሰል ሊያያይዝ ሲል ግን በቁጣ ከለከልሁት፤ ከታንክ የሚወጣ ሌላ ጋዝ፣ ሚቴን የሚሉት፣ በእሳት የሚቀጣጠል ነውና ከነካራቫኑ እንዳናርግ ፈራሁ።

በመጨረሻ በጣራው ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ቬንትሌተር በሙሉ ኃይሉ ከፈትሁት። ወዲያውም ሽታው በእጥፍ ጨመረ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲታዘበኝ እፈቅዳለሁ፤ ይህን በዐይኔ አይቼ፣ በዚያ በታወቀው አፍንጫዬም አሽትቼ ሳለ፣ «አየህ፣ ሽታው የጨመረው ከተደበቀበት እየወጣ ስለ ሆነ ነው፤ እስኪያልቅ እንጠብቅ» ብዬ አስረዳሁት። ሾፌሩም አመነኝ፤ ምን ያድርግ፣ የተማርሁ ነኝ። ቬንትሌተሩ ሲያጓራ፣ ሽታውም ሲወጣ አደረ፤ አላለቀም። ደጅ ምንጣፍ ላይ ተኝተን፣ እ.ኤ.አ. በ1858 የለንደን ቴምዝ ወንዝ በገማ ጊዜ እንደራሴዎቹ የምክር ቤታቸውን መጋረጃ በኖራ ክሎራይድ እያስነከሩ እንደ ተከላከሉት እየነገርሁት ሳለ እንቅልፍ ወሰደው።

በነጋታው ማለዳ ድስቱንና ብረት ምጣዱን ጭና በሌላ መኪና የደረሰችው የቤቱ ሠራተኛ፣ የወሎ ልጅ፣ ከከሚሴ ወገን የሆነች እኅታችን ነበረች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከሾፌሩ ጋር ስለ አምስተኛው አንድምታ ስነጋገር፣ ሻይ የምትጠጣበትን ኩባያ ውሃ ሞልታ በመካከላችን አለፈችና ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች። ወለሉ ላይ ባለችው የገላ መታጠቢያ ማፍሰሻ ቀስ አድርጋ አንቈረቈረችው፤ አንድ ደገመች፤ ከዚያም የምግብ ዘይት አንድ ማንኪያ ጨመረችበት፤ ቬንትሌተሩንም አጠፋችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ምን አደከማችሁ? ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ደርቆ ነው እኮ» አለችኝ። «ማዳም ቤት ዐሥራ አንድ ሽንት ቤት አለ፤ ሰው የሚገባባቸው አራቱ ናቸው። የቀሩትን በየሳምንቱ አንዳንድ ኩባያ ካላጠጣኋቸው፣ ወላሂ፣ ቤቱ አያስቀምጥም። ዘይቱ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ነው። አብሽሩ።»

በሩብ ሰዓት ውስጥ ሽታው ሄደ። እኔም ከረፈደ በኋላ ዕውቀቴ ተመለሰልኝ፤ ከማፍሰሻው በታች ያለው ቧንቧ እንደ ዝይ አንገት የሚታጠፈው፣ በእጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ውሃ ለጋዙ መዝጊያ እንዲሆነው ነው። ይህንንም በሽንት ቤት ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1775 የባለቤትነት መብት ያወጣበት አሌክሳንደር ካሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። ካራቫኑ ያን ሁሉ የሙቀት ወራት በግቢ ቆሞ ሲከርም ውሃው ተኖ አለቀ፤ መዝጊያውም ተከፈተ። ሌሊቱን ሙሉ ያስጮኽሁት ቬንትሌተርም የክፍሉን አየር ወደ ውጭ በመጠጠ ቍጥር፣ የጎደለውን የሚሞላው በዚያች በደረቀች ቀዳዳ በኩል ከታንክ ይስብ ነበር እንጂ ሽታ አላወጣም። ይልቁንም የሚያሳፍረኝ፣ ሽታው የመጣው ካዋረድነው ከጥቁሩ ታንክ ሳይሆን፣ ሳሙናና ፍርፋሪ ብቻ የሚወርድበት ነው ብለን ካልጠረጠርነው ከግራጫው መሆኑ ነው።

ማዳም በሰዓቷ መጣች፤ ምንም አልሸተታትም። ሾፌሩ በደግነቱ የሌሊቱን ድካም ለእኔ ቈጥሮ ስለ ነገራት «ሙሐንዲስ» ብላ አመሰገነችኝና አንዲት ትንሽ ሣጥን ዑድ፣ የሚጤሰውን ባለ መዓዛ እንጨት፣ ሰጠችኝ። ሣጥኗን ወስጄ ለእኅታችን ብሰጣት፣ «ኧረ ቤቱ ሙሉ እሱ ነው፤ ኩባያዬን ብቻ መልሱልኝ» አለችኝ። ኩባያዋን አጥቤ መለስሁላት።

ማታ ናጅማ ደርሼ በሬን ስከፍት ያ የታወቀ ሽታ ተቀበለኝ። እጄ ወደ ጎረቤቴ በር ሊያመለክት ከተነሣ በኋላ በአየር ላይ ቀረ። በክፍሌ ጥግ፣ እስከ መስከረም የልብስ ማጠቢያ መኪና ቆሞበት የነበረ ቦታ አለ፤ መኪናው ተበላሽቶ ከወጣ ወዲህ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰበትም፤ በማፍሰሻውም ላይ የመጻሕፍቴን ካርቶን ደርድሬበት ነበር። ካርቶኑን አንሥቼ አንድ ኩባያ ውሃ አንቈረቈርሁ። ቡልቅ፣ ቡልቅ አለና ዝም አለ። ጠዋት ስነቃ ክፍሌ የሚሸተው መጽሐፍ መጽሐፍ ብቻ ነበር።

ጎረቤቴን በደረጃው ላይ ባገኘሁት ጊዜ ለጳጳስ እንደሚሰገድ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁት፤ ስለ እናቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናውም ጠየቅሁት። ሰውየው ደንግጦ ወደ ኋላው ዘወር ብሎ ተመለከተ፤ ከእርሱ በቀር ማንም አልነበረም። ማታውን በሬ ተንኳኳ። ብከፍት፣ ፊቱ በደስታ በርቶ፣ በሁለት እጁ አንድ ሳሕን ትኩስ የተጠበሰ ደረቅ ዓሣ ይዞ ቆሟል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው በቈየው ክርክር እኔ ዘወትር ከአይበላም ወገን ነበርሁ። እርሱ ግን ደጄ ላይ ቆሞ፣ እስክቀምስለት ይጠብቅ ነበር።