በጅማ ሊቃውንተ ኳስ ዘንድ ስለ ኮከብ መሄድና መቅረት የተነሣው ክርክር፤ አጭር ሐተታ

የሀገራችን የትርጓሜ ሊቃውንት አንዲቱን ንባብ ይዘው "አንድም" እያሉ ምሥጢር ሲያራቅቁ መኖራቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ይኸው ጥበብ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ በጅማ ከተማ፣ በሄርማታ ገበያ ዙሪያ፣ በፈረንጅ አራዳና በአጂፕ ቡና ቤቶች፣ ከዚያም አልፎ በአጋሮ፣ በሰቃና በሊሙ ገነት የባጃጅ ተራዎች፣ መምህር ሳይሾምለት፣ ወንበር ሳይተከልለት፣ ድርጎም ሳይቆረጥለት እንደ ምን ሊስፋፋ እንደ ቻለ መርምሮ የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ይህች ሐተታ ጉድለቱን በመጠኑ ለመሙላት የተሰናዳች ስትሆን፣ የምታብራራው ንባብ ከአራት ቃል አይበልጥም፤ እርሱም "ልጁ ይሄዳል ወይስ ይቀራል" የሚለው ነው።

የነገሩ መነሻ የ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ነው። በቀደመው ዓመት የከተማይቱ ክለብ ጅማ አባ ቡና ከሊጉ ሲወርድ፣ ሌላው የከተማይቱ ክለብ ጅማ ከተማ ደግሞ በዚያው ክረምት ወደ ሊጉ አድጎ ስሙን ጅማ አባ ጅፋር ስላሰኘ፣ ጅማ ኀዘኗንም ደስታዋንም ባንድ ወቅት ለማስተናገድ ተገደደች። አዲስ ገቢው ክለብ በአሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ እየተመራ፣ አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ከእጁ ካላወጣው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ ተስተካክሎ፣ በግብ ክፍያ በልጦ፣ በመጣበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ከናይጄሪያ የመጣው አጥቂው ኦኪኪ አፎላቢም 23 ግብ አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ተባለ። ዋንጫው ገና ሳይወለወል ክርክሩ ተጀመረ፤ እንዲያውም ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ሰው ክርክሩ ከዋንጫው ይቀድማል፤ ደጋፊው በእያንዳንዱ ግብ እኩሌታውን እየተደሰተ፣ እኩሌታውን እየተከዘ፣ "ይህንንማ አይተው ይወስዱብናል" ሲል ይሰማ ነበርና።

ክለቡ በስማቸው የተጠራላቸው ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ተቀምጠው ከ50 ዓመት በላይ የገዙ ንጉሥ ሲሆኑ፣ ቁመታቸው ከ2 ሜትር በላይ እንደ ነበረ ይነገራል። እንዲህ ያለ ቁመት የነበራቸው ንጉሥ ስማቸው ለቅርጫት ኳስ ቡድን መሰጠት ሲገባው ለእግር ኳስ መዋሉ በታሪክ ፊት የሚያስጠይቅ ግድፈት ነው፤ የዚህ ሐተታ ጉዳይ ስላልሆነ ግን እናልፈዋለን።

የመጀመሪያው ወገን "ይቀመጥ" ባዮች የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ማስረጃቸውን ከታሪክ ይጠቅሳሉ፤ ንጉሡ ለዐፄ ምኒልክ ግብር እየገበሩ ዙፋናቸውን ጠብቀው ኖሩ እንጂ በከንቱ አልተዋጉም፤ ስለዚህ ክለቡም የተጠየቀውን ከፍሎ ዋንጫውን ይጠብቅ ይላሉ። ነገሩ ሲሰሙት ያማረ ቢሆንም ተቃዋሚዎቻቸው አንዲት ነጥብ አንሥተው ያፈርሱባቸዋል። ንጉሡ የገበሩት ከራሳቸው ግምጃ ቤት አውጥተው ነው፤ የክለቡ ግምጃ ቤት ግን የከተማው አስተዳደር በጀት በመሆኑ፣ ለአጥቂ ፊርማ የሚወጣው ብር ከኮብልስቶንና ከቦይ ጠረጋ ጋር በአንድ ወረፋ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። በዚህ ወረፋ ላይ አጥቂ ከቦይ ቀድሞ ያለፈበት ጊዜ አልፎ አልፎ መኖሩን በክረምት የአወይቱ ወንዝ ሲሞላ የከተማይቱን መንገዶች ያየ ሁሉ ሊገምት ይችላል።

የዚህን ወገን የማስረዳት ዘዴ በቅርብ ለማየት የሚፈልግ በአጂፕ በኩል ካሉት ቡና ቤቶች ወደ አንዱ ይግባ። አንድ የባጃጅ ሾፌር አራት ሲኒዎችን በጠረጴዛው ጠርዝ ደርድሮ ተከላካዮች አደረጋቸው፤ የውኃውን ብርጭቆ በረኛ፣ የስኳሩን ዕቃ ደግሞ ኦኪኪ ብሎ ሾመ። ከዚያ የስኳሩን ዕቃ በሲኒዎቹ መካከል እያሾለከ ሦስት ጊዜ ብርጭቆውን ካስገጨ በኋላ፣ ከጎኑ ወደ ተቀመጡት ሽማግሌ ዞሮ፣ "ሐጂ፣ እስቲ ይፍረዱ፤ ይህ ልጅ ከዚህ ከተነሣ ማን ያገባልናል?" ሲል ጠየቃቸው። ሐጂ እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። የስኳሩን ዕቃ አንሥተው ሁለት ማንኪያ በሲኒያቸው ጨመሩ፤ አማሰሉ፤ ዕቃውንም ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ አሻግረው ካስቀመጡ በኋላ፣ "ይኸው ሄደ፤ በል አሁን በቀረው ተጫወት" አሉት። በዚህ የጥናት ዘርፍ እስከ ዛሬ የተደረገ ሙከራ ይህ ብቻ ሲሆን፣ ውጤቱን የተቃወመ አልተገኘም፤ ሾፌሩም ቡናውን መራራውን ጠጣ።

ሁለተኛው ወገን "ይሸጥ" ባዮች ናቸው፤ ስለ እነርሱ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ልጁን ሸጠን በገንዘቡ ሦስት እንገዛለን የሚሉ ሲሆኑ፣ በሀገራችን የተጫዋች ውል ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት የማያልፍ መሆኑን፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋችም ጫማውን በፌስታል ይዞ ሲወጣ ማንም ሳንቲም የማይጠይቅበት መሆኑን ሲነግሯቸው፣ "እሱማ ዝርዝር ነው" ብለው ይመልሳሉ። የሦስቱን ተተኪዎች ስም ሲጠየቁም እንዲሁ።

ሦስተኛው ወገን በአጋሮና በጎማ ገጠሮች የጸና ሲሆን ከሁሉ ይልቅ ሳይንስ የሚያዘወትር ነው። የቡና ገበሬ ያውቃል፤ አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራ ቡና በሚከተለው ዓመት ያርፋል። ምክንያቱም ቡና የሚያፈራው ባለፈው ዓመት በበቀለው ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ኃይሉን ሁሉ ለፍሬው ያፈሰሰ ግንድ ግን ለከርሞ የሚሆን አዲስ ቅርንጫፍ ለማብቀል አቅም ያጣል። ከዚህ ተነሥተው የአጋሮ ሊቃውንት 2010 የፍሬ ዓመት እንደ ነበረ፣ 2011 የዕረፍት ዓመት መሆኑ የማይቀር እንደ ሆነ፣ ስለዚህም ኦኪኪ ቢቀርም ቢሄድም የሚለወጥ ነገር እንደሌለ ይደመድማሉ። ትምህርታቸው ጽኑ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ ቡድኑ ቢያሸንፍ የፍሬ ዓመት፣ ቢሸነፍ የዕረፍት ዓመት ነውና። ከተማው ዳር መልኮ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ይህን ግኝት በቡና እንጂ በአጥቂ ላይ አለመመርመሩ ያሳዝናል።

የንጽጽር ጥናት ሳይታከልበት ሐተታ ሙሉ አይሆንምና ባሕር ተሻግረን አንድ ምሳሌ እንመልከት። በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ክሊቭላንድ የምትባል ከተማ አለች፤ የቅርጫት ኳስ ቡድኗ ካቫሊየርስ በ1995 ዓ.ም. ከዚያው አውራጃ የበቀለውን ሌብሮን ጄምስን አስፈረመ። ልጁ ሐምሌ 1 ቀን 2002 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ቀርቦ ወደ ማያሚ መሄዱን ሲያስታውቅ ደጋፊዎች ማልያውን አቃጠሉ፤ የቡድኑም ባለቤት በዚያችው ሌሊት የብስጭት ደብዳቤ ጻፈ። በተከታዩ ዓመት ቡድኑ ከ82 ጨዋታ 19 አሸንፎ በ63 ተሸነፈ። ልጁ በ2006 ተመለሰ፤ በ2008 ከተማዋ 52 ዓመት የጠበቀችውን ዋንጫ አመጣላት፤ ከዚያም ሰኔ 24 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ጅማ በራሷ ልጅ ስትጨነቅ በነበረበት በዚያው ክረምት፣ ወደ ሎስ አንጀለስ መሄዱ ተሰማ። በዚህኛው ጊዜ ማልያ ያቃጠለ እምብዛም ነው፤ ደጋፊው ምስጋና አቅርቦ ሸኘው። ቡድኑ በተከታዩ ዓመት ስንት አሸነፈ? 19። በስንት ተሸነፈ? በ63። እንግዲህ ማልያ ማቃጠልም ሆነ ማመስገን በውጤቱ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ እንደማይጨምርና እንደማይቀንስ በሁለት ዘመን የተረጋገጠ ሲሆን፣ ይህን ለጅማ ተከራካሪዎች ብንነግራቸው "የእነሱ በእጅ ነው፤ የእኛ በእግር" ብለው አሰናበቱን።

ከዚህ በኋላ ከወገኖቹ አንዳቸውም ያላነሡትን፣ በእኛ አስተያየት ግን የነገሩ ሥር የሆነውን ምክንያት እንግለጥ። የተጫዋች ውል የሚያልቀውና ዝውውር የሚጧጧፈው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በጅማ ምድር ደግሞ እነዚህ ወራት ቡናው በዛፉ ላይ አረንጓዴ ሆኖ፣ የገበሬው ኪስ ባዶ ሆኖ፣ ነጋዴውም ያለፈውን ዓመት ብድር እያሰላ የሚቀመጥባቸው ወራት ናቸው። ቡናው ቀልቶ፣ ተለቅሞና ደርቆ ብር የሚሆነው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ደጋፊው ሞቅ ብሎት "የፈለገውን እንክፈለው" የሚልበት ልጅ በሌላ ከተማ ማልያ ልምምድ ይሠራል። ልበ ሙሉነትና የፊርማ ወራት በጅማ አይገናኙም። ፌዴሬሽኑ የዝውውሩን ወራት ከቡናው ለቀማ ጋር ቢያስማማ ኖሮ የሀገሪቱ የእግር ኳስ ታሪክ በሌላ መንገድ ይጻፍ እንደ ነበረ እናምናለን፤ ማመልከቻ ያስገባ ግን የለም።

ሌላም አለ። ጅማና ዙሪያዋ ምርጡን ነገር አዘጋጅቶ መሸኘትን ከአባቶቻቸው የተማሩ አገሮች ናቸው። ለውጭ ገበያ የሚበቃው ቡና ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተበጥሮ በጆንያ ይሄዳል፤ በሀገር ውስጥም እንዳይሸጥ ሕግ ሲከለክለው ኖሯል፤ ቡናውን ያበቀለው ሰው የሚጠጣው ደረጃው ያልደረሰውን ነው፤ እርሱንም አፍልቶ፣ በገጠር ጨው ጨምሮበት፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ "እንዴት ያለ ቡና ነው!" እያለ ያመሰግነዋል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ድንገት አንድ አንደኛ ደረጃ የሆነ ነገር እጁ ላይ ቢያገኝ "አሁንስ አንለቅም" ብሎ ድምፁን ከፍ ማድረጉ የሚያስደንቅ አይደለም። ሲጮኹ የሰማናቸው ሁሉ ስለ ልጁ የሚጮኹ ቢመስሉም፣ ልጁን በስም እንኳ ሳያነሡ ሰዓታት ሲያልፉ ታዝበናል።

ፍጻሜውን ሁሉ ያውቀዋል። ኦኪኪ ወደ ግብጽ ሄደ። አሰልጣኙም ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደው በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን እዚያ አነሡ፤ የሚገርመው በጅማ ቡና ቤቶች ስለ አሰልጣኙ መቅረት የተከራከረ ወገን ብዙ አለመገኘቱ ነው፤ አሰልጣኝ ግብ አያገባምና። በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አባ ጅፋር የጅቡቲውን ቡድን አልፎ ታኅሣሥ ላይ ከግብጹ አል አህሊ ጋር ተገናኘ፤ በግብጽ ምድር 2 ለ 0 ተሸንፎ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ። "ይቀመጥ" ባዮች፣ ልጁ ቢኖር ኖሮ ሁለተኛዋን ያገባት ነበር አሉ። "ይሸጥ" ባዮች፣ ያለ እርሱም ስምንት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነውን ክለብ አሸነፍን አሉ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወስኑ፣ ተጫዋች ሁሉ በአንድ ዋጋ የሚሄድበት ዘመን መጣ ተብሎ ለአንድ ሳምንት ያህል ሦስቱም ወገኖች ተስማምተው ነበር።

ክለቡ በ2014 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ይህ ክርክሩን ይፈታዋል ብሎ የጠበቀ ቢኖር የሊቃውንትን ጠባይ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ወገን ውድቀቱን ለትምህርቱ ማረጋገጫ አድርጎ ተቀበለውና። የአጋሮ ወገን ብቻ ጥቂት ተቸገረ፤ የዕረፍቱ ዓመት መርዘሙ አልቀረምና። ይህን ይዘን በአጋሮ መንገድ ላይ ቡና ሲያሰጡ ያገኘናቸውን አንድ አረጋዊ፣ "አባ፣ ማፍራት የተወ ግንድ ሳይጎነደል ስንት ዓመት ይታገሡታል?" ብለን ጠየቅናቸው። "ቡናው የራስህ እንደ ሆነ ሁለት ዓመት፤ የመንግሥት እንደ ሆነ በጀቱ እስኪያልቅ" አሉን። አጠገባቸው የነበሩት ጎረቤታቸው ግን ጉንደላ ከለቀማ በኋላ ከጥር ወዲህ የሚሠራ እንጂ በዓመት ቁጥር የሚታሰብ አይደለም ሲሉ ተቃወሙ፤ ሁለቱም የተሰጣውን ቡና ትተው ስለ መጋዝና ስለ ግንድ ቁመት ክርክር ገቡ።