ጊዜያዊ ነው ለሚሉን

ጋምቤላ ላይ ለመንገድ ሥራ ስለሚተከለው ካምፕ ስንጠይቅ «ጊዜያዊ ቢሮ ነው፤ ምን ያስጨንቃል?» ይሉናል። ጊዜያዊው ቆርቆሮው ነው፤ ከቆርቆሮው ሥር የሚፈረመው ግን አብሮን ይኖራል። የድልድዩ ኮንክሪት አለፈ ወይም ወደቀ የሚባለው እዚያ ነው። የገበሬው ካሳ የሚሰላው፣ የቀን ሠራተኛው ሰዓት የሚመዘገበው፣ ይህ ገረጋንቲ ይሁን ያኛው ይቅር የሚባለው እዚያው ነው። ቢሮው ሲነቀል መንገዱ ይቀራል፤ ቢሮው ውስጥ የተሠራው ስህተትም ከመንገዱ ጋር ይቀራል።

«ውሉ እኮ የሦስት ዓመት ነው» ይላሉ። የሦስት ዓመት ውል ጋምቤላ ላይ ሲነበብ ሦስት ክረምት ነው። የጋምቤላ ክረምት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ አይደለም፤ ከግንቦት ተነሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የዓመቱ እኩሌታ ዝናብ በሆነበት አገር ለበጋ ብቻ የታቀደ ካምፕ እኩሌታው ያልታቀደ ካምፕ ነው።

«ታዲያ አንተ መንገድ አትፈልግም?» የሚለኝም አይጠፋም። ከማንም በላይ እፈልጋለሁ! ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከጋምቤላ ከተማ ወዲያ ያለው ወረዳ ደግሞ ከጋምቤላም ይርቃል። በነሐሴ ጂካዎ ላይ ምጥ ለያዛት እናት አምቡላንስ ቢኖርም ጎማው ጭቃ ውስጥ ከሰመጠ ምን ዋጋ አለው? ካምፑ ላይ ሙጭጭ የምለው ለዚህ ነው። ካምፑ ውሃ የገባበት ፕሮጀክት መጀመሪያ የሚያደርቀው ፋይሉን ነው፤ መንገዱ ተራውን ይጠብቃል።

«ቦታውን አጥንተናል» ይሉናል። «ሜዳ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ለባሮ ወንዝም ቅርብ ነው፤ ውሃ በቦቴ ማመላለስ አያስፈልግም።» መቼ ነው ያጠናችሁት? «በጥር።» በጥርማ ባሮ ራሱ ከዳርቻው ሳይወጣ ይፈሳል! የሚጠየቀው በነሐሴ የት እንደሚደርስ ነው። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ኢታንግ፣ ወደ ላሬ፣ ወደ ጂካዎ ሲወረድ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ውሃው አይሮጥም፤ ይተኛል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በየካቲት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በሰኔ ያብጣል፣ ግሬደሩንም ሲኖትራኩንም እኩል ይዞ ያስቀራል። እንዲህ ባለው አፈር ላይ እንዲሁ የተቀመጠ ኮንቴይነር መጀመሪያ ትንሽ ያዘምማል፤ ቀጥሎ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ቀጥሎ ወለሉ ከታች ይረጥባል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

«የውሃው ልክ የተመዘገበበት ሰነድ አላገኘንም፤ ማንን እንጠይቅ?» ሰዎቹን ጠይቁ! ኑዌር ይህን ሜዳ ከማናችንም ቀድሞ አጥንቶታል። በበጋ ከብቱን እየነዳ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ዝናቡ ሲቃረብ ከፍ ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። ያ ትልቁ የሣር ክዳን የከብት ቤት የሚሠራው ከፍታው ላይ እንጂ ወንዙ ዳር አይደለም። በከፍታውና በዝቅታው መካከል ያለው ልዩነት ለእንግዳ ዓይን አይታይም፤ ለውሃ ግን ይታያል። እኛስ? ኑዌር በበጋ ብቻ በሚሰፍርበት ቦታ ላይ ክረምት ከበጋ የሚሠራ ቢሮ እንተክላለን። እሱ ከብቱን ይዞ ሲወጣ እያየን እንኳ ለምን ይወጣል ብለን አንጠይቅም።

«ያን ያህል ጎርፍ አለ እንዴ?» ሌቹርን ያላየ ይህን ይጠይቃል። በ2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሰዉን በገፍ ድንበር ሲያሻግረው ሌቹር ላይ የስደተኞች መጠለያ በጥድፊያ ተከፈተ። የተከፈተው በበጋ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጠለያውን ውሃ ዋጠው፤ ድንኳኑም፣ መጸዳጃ ቤቱም፣ የሚጠጣውም ውሃ አንድ ላይ ተደባለቀ። በተከታዩ ዓመት ከ40 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተነሥቶ አብዛኛው ወደ ጀዊ መጠለያ ተዛወረ። ያን ጊዜ ሰው ለማዳን ሲባል ተጣደፉ፤ ችኮላቸው ምክንያት ነበረው። ኮንትራክተር ግን ጦርነት አላባረረውም። ውል ፈርሟል፣ ቅድመ ክፍያ ተቀብሏል፣ የሥራ ፕሮግራም አቅርቧል። ያየነውን ስህተት እንደገና ለመሥራት ምን ሰበብ አለው?

ከተማዋስ ብትሆን? በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ከዳርቻው ወጥቶ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ድረስ ገብቷል። «ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተን እንገባለን» የሚለውም ቢሆን የቤቱ ደጃፍ ያን ዓመት ውሃ ነክቶት እንደሆነ አከራዩን ሳይጠይቅ ባይፈርም መልካም ነው።

ወንዙን አስልቶ መትከል አዲስ ነገር አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክና እንግሊዞች ሲዋዋሉ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲመረጥ የተባለው በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ ነበር። ጣቢያው የተተከለው ግን ከኢታንግ በላይ፣ ጋምቤላ ላይ ነው። የእንፋሎት መርከቦቹም ዓመቱን ሙሉ አልመጡም፤ ባሮ ሲሞላ መጡ፣ ሲጎድል ተመለሱ። የንግዱ ዕቅድ በሙሉ የተቆረጠው በወንዙ ልክ ነበር። ሱዳን ነፃ እስክትወጣ ድረስ ጋምቤላ በዚህ ስሌት ሠርታለች። ታዲያ ወንዙን አስልቶ ቢሮ መትከል ለእኛ ለምን ከበደን?

ምን ይደረግ ነው? ቦታ መራጩ በነሐሴ ይሂድ። በነሐሴ መድረስ ካልቻለ ያ ራሱ መልስ ነው፤ በነሐሴ የማይደረስበት ቦታ ላይ ካምፕ አይተከልም። በበጋ መሄድ ግድ ከሆነ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይዙር፤ ውሃው ዛፍ ግንድ ላይ የተወውን ምልክት ያሳዩታል፤ ሰርቬየሩም ከፍታውን ከዚያ ምልክት ተነሥቶ ይያዝ። ከዚያ በላይ ገረጋንቲ ተደልድሎ፣ በሮለር ተጠቅጥቆ፣ ዙሪያውን ኩኔታ ይውጣለት፤ ኮንቴይነሩም በኮንክሪት እግር ላይ ይቀመጥ። ሲሚንቶው፣ ናፍጣው፣ መለዋወጫው ከግንቦት በፊት ካምፕ ይግባ። «ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው» ይሉናል። ገንዘቡማ ውሉ ውስጥ አለ! የካምፑ፣ የላቦራቶሪው፣ የተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ቢሮ ዋጋ በሥራ ዝርዝሩ የመጀመሪያ ክፍል፣ በጠቅላላ ሥራዎች ሥር የገባ ነው። ሕዝብ የከፈለበትን ቤት አሳንሶ መሥራት ቁጠባ አይባልም።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ፤ የእኔን ሆድ የሚያቆስለው እሱ ነው። «ላብ ማለት አንድ ክፍልና አንድ ገንዳ ነው» ይሉናል። ገንዳውን ቀርበን እንየው። የኮንክሪት ኩቦቹ 7 ወይም 28 ቀን የሚተኙበት ውሃ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ብዙም እንዳይርቅ ነው መመዘኛው የሚያዘው። ጋምቤላ በየካቲትና በመጋቢት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ገንዳው ውስጥ እጅ ሲገባ ውሃው ለብ ብሏል። በሞቀ ውሃ የቆየ ኩብ ቶሎ ይጠነክራል፤ የ7 ቀን ውጤቱ ከልኩ በላይ አምሮ ይወጣል፤ መሐንዲሱም ደስ ብሎት ቀጥሉ ይላል። ድልድዩ ላይ ያለው ኮንክሪት ግን ገንዳ ውስጥ አልነበረም።

ምድጃውንም እንየው። የአፈር ናሙና እርጥበቱ እንዲታወቅ ከ105 እስከ 110 ዲግሪ ላይ ሌሊቱን ሙሉ መድረቅ አለበት። ሌሊት ግን «ናፍጣ እንቆጥብ» ተብሎ ጄኔሬተሩ ይጠፋል። ቴክኒሻኑ ጠዋት መጥቶ ለብ ያለ ናሙና ከምድጃው ያወጣል፤ ቅጹ ላይ የሚሞላው ቁጥር ይፈለጋል፣ ቁጥሩም ይሞላል። አልደረቀም ብሎ ቢመልሰው ፎርማኑ ሮለሩን አቁሞ በር ላይ ይጠብቀዋል። ልጁን አልወቅሰውም፤ የምወቅሰው ለላቦራቶሪው የራሱን ትንሽ ጄኔሬተር ያላቀደለትን ነው። የጥግግት መፈተሻው አሸዋም እንዲሁ ነው፤ በክረምት እርጥበት ከሳበ ክብደቱ ይለወጣል፣ ያልተጠቀጠቀውን ተጠቅጥቋል ሊያሰኝ ይችላል። ደረቅ መጋዘን ለአሸዋ ቅንጦት አይደለም። ሚዛኑ ደግሞ ከክሬሸሩ ንዝረት ይራቅ።

«ሙቀቱንስ ምን እናድርገው? ኤሲ እናስገባለን።» ከኤሲው በፊት ቤቱን አዙሩት! ረጅሙ ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በአጭሩ ጎን ትምታ። ከኮንቴይነሩ በላይ ነፋስ የሚያሳልፍ ሁለተኛ ጣሪያ ይውጣ፤ በረንዳ ይኑረው። ያ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ኤሲ ይገባል፣ ጄኔሬተሩም ይቀለዋል። የጋምቤላ ሰው ቤቱን በወፍራም ሣር ከድኖ ዛፍ ሥር የሚሠራው ቆርቆሮ አጥቶ ብቻ አይደለም።

«አጎበር አድለናል፤ ወባውን ተዉት።» አጎበር ለሚተኛ ነው፤ ዘበኛው ሌሊት አይተኛም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙ ተመዝግቧል፤ ጋምቤላ ደግሞ የወባ አገር ናት። ገረጋንቲ የተቆፈረበት ጉድጓድ ሳይደለደል ክረምት ከገባ የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። ቀን የቆፈርነው ሌሊት መልሶ ይነክሰናል፤ እኛን ብቻም አይደለም፣ ጎረቤቱን መንደር ጭምር። ጉድጓዱ ከዝናብ በፊት ይደለደል፤ መስኮቱም ወንፊት ይደረግለት። መጸዳጃው ከውሃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከጎርፉ ልክም በላይ ይሁን። የናፍጣ ጋኑ ቢፈነዳ የያዘውን ሙሉ በሙሉና ከዚያም ጥቂት በላይ የሚያስቀር የግንብ አጥር ይታጠርለት። ባሮ ከፒቦር ተገናኝቶ ሶባት ሆኖ ነጭ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው፤ በዳርቻው ሰው ዓሣ ያጠምድበታል፣ ይጠጣዋልም።

«መሬቱ ባዶ ነው፤ ማንም የለበትም።» ባዶ ያላችሁት የማን ነው? አኝዋ በወንዝ ዳር አራሽ ነው፤ ውሃው ሸሽቶ በተወው እርጥብ አፈር ላይ በቆሎውን ይዘራል። በጥር ሰው ያላያችሁበት ማሳ ባለቤት አለው፤ የተነሣ ሰብል ማለት የተተወ መሬት ማለት አይደለም። ወደ መዠንግር ከሄዳችሁም እንዲሁ ነው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው፤ ደኑም በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ነው። ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ሰው ይግባና ይጠይቅ። ካሳው ተከፍሎ ይጀመር፤ ጀምሮ መክፈል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«ኅብረተሰቡ ቅሬታ ካለው ቢሮአችን ክፍት ነው።» በሩ ላይ የታጠቀ ጥበቃ ቆሞ፣ ማስታወቂያው በአማርኛ ብቻ ተለጥፎ፣ ቢሮው ለማን ነው የተከፈተው? የቅሬታ መቀበያው ከአጥሩ ውጭ ይሁን። ጥላ ይኑረው፣ መቀመጫ ይኑረው፤ አኝዋኛና ኑዌርኛ የሚያውቅ ሰው ይቀመጥበት፤ የሥራ ማስታወቂያውም በሦስቱም ቋንቋ ይለጠፍ። ካምፑ በር ላይ ቡና የምታፈላዋ እናትም ቦታዋ ፕላኑ ላይ ይግባ፤ ገልባጭ ወደኋላ ሲመጣ የምትሮጥበት ጠፍቷት እንዳትቀር።

«ሥራው ሲያልቅ ካምፑን ለሕዝቡ እናስረክባለን።» ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ግን ምኑን ነው የምታስረክቡት? ቺፑድ ግድግዳው በስብሶ፣ መስኮቱ ተነቅሎ ተጭኖ፣ የውሃው ፓምፕ በመኪና ሄዶ የቀረውን ነው? ማስረከብ ከተፈለገ አስቀድሞ ይታቀድ። ወረዳው የሚያስፈልገው ጤና ኬላ ከሆነ የተቆጣጣሪው ቢሮ ክፍሎቹ በዚያ ልክ ይሠሩ፤ ትምህርት ቤት ከሆነም በመማሪያ ክፍል ስፋት። ግድግዳው ብሎኬት ይሁን። የውሃ ጉድጓዱ ጄኔሬተሩ ሲሄድ በእጅ ፓምፕ እንዲሠራ ሆኖ ይቆፈር። ደግሞም ከአሁኑ ይጻፍ፦ የትኛው ቤት፣ የትኛው ጉድጓድ፣ ከነምን ዕቃው፣ ለየትኛው ጽሕፈት ቤት፣ በስንት ወር ውስጥ። ወረዳው፣ ኮንትራክተሩና ተቆጣጣሪው የመጀመሪያው ኮንቴይነር ከመኪና ሳይወርድ ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂም ቀበሌው እጅ ይቀመጥ።