ጠፈጠፍና ተጓዥ፦ በይፋግ የክረምት መጠለል ላይ የተደረገ ቅድመ ጥናት

የጣናን ዙሪያ በእግሩ ሊያይ የተነሣ ሰው ካርታ፣ ጠንካራ ጫማና በጀርባ የሚታዘል ሻንጣ ያስፈልገዋል ይባላል። ይህ ጥናት ግን በሐምሌና በነሐሴ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ደርሶበታል፤ እርሱም የሰው ጣራ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በጣና አካባቢ ባለችው ይፋግ ውስጥ፣ ከአንዲት ሱቅ የቆርቆሮ ጠፈጠፍ ሥር ነው። ቦታውን የመረጠው አጥኚው ሳይሆን ዝናቡ ነው።

የቀደሙ ሥራዎችን መቃኘት የጥናት ወግ ስለሆነ እንቃኝ። ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ የዓባይን ምንጭ ያየው እ.ኤ.አ. በ1618 በኤፕሪል ነው፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እዚያው ምንጭ፣ ግሽ ዓባይ፣ የደረሰው በ1770 በኖቬምበር። ብሩስ ፓኤዝን «አላየም» እስከ ማለት ደርሷል። ክረምትን በመሸሽ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ይፋግ ትልቅ ገበያ በነበረችበት በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ወንዝ ሲሞላ ሲራራ ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ ይከርም ነበር። አኮፋዳውን አንግቶ የሚዞረው የአብነት ተማሪ እዚህ አይቆጠርም፤ እርሱን የሚያዞረው ቁራሽ ነው። በዶፍ ዝናብ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ምግቡንም መኝታውንም አዝሎ የሚዞር ሰው እንግዲህ የዘመናችን ግኝት ነው ማለት ነው።

ስለ መሬቱ ጥቂት። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ በኩል ጣና ይገባሉ፤ ክረምት ላይ ግን በተቆረጠላቸው ቦይ ብቻ መሄድን አይወዱም። ጣና ራሱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ የተኛ፣ ጥልቅ ነው የተባለው ቦታው ደግሞ 15 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። የሞላው ውሃ ጥልቀት ስለማያገኝ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ስለዚህ ሐይቁን ፍለጋ የወጣ ሰው ሐይቁ መንገድ ላይ ወጥቶ ሊቀበለው ይችላል። ሜዳው ሩዝ ያበቅላል፤ ሩዙ ውሃ ይወዳል፤ ተጓዡን ያማከረው የለም። ዋልካው በየእርምጃው ጫማ ላይ እየተደረበ ባለቤቱን በቁመት ያሳድገዋል። ከፎገራ ተነሥቶ ሊቦ ከምከም የገባ እግረኛ፣ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ መሬት አዛውሯል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ጠፈጠፍ ማለት ባለሱቁ ቆርቆሮውን ከግድግዳው ምን ያህል እንዳሳለፈው የሚወሰን ጠባብ ግዛት ነው። ቀድሞ የደረሰ ግድግዳውን ይደገፋል፤ ዘግይቶ የመጣ ጣቶቹን ያስመታል። ፍየል ምንጊዜም ቀድማ የደረሰች ናት። የዱሮው ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ የዛሬው ተጠላይ ደግሞ ዝናቡ ሲረዝም ይሉኝታ ይይዘውና ማስቲካ ይገዛል። ባለሱቁ «ግዙ» ብሎ አያውቅም። ወደ ሰማይ አይቶ «ዘንድሮ በረታ» ይላል፤ ይበቃል።

ከተጠላዮቹ መካከል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። እርሱ የዝናብ ልብስ ለብሷል፤ ሻንጣውም የራሱን የዝናብ ልብስ ለብሷል። ሁለቱም እኩል ረጥበዋል። አጠገቡ የቆሙ አዛውንት ሻንጣውን በዓይናቸው መዘን አድርገው፣

«ልጄ፣ ምን ይዘህ ነው?» አሉት።

«ድንኳን ነው አባባ።»

«ሰው ሞቶ ነው?»

«አይ፣ አገር ለማየት ነው የምዞረው።»

አዛውንቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«አገሩ እስከ መስከረም የት ይሄድብሃል?»

ጥናቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘም፤ ወጣቱም እንደዚያው። በዚህ መሐል አንድ ገሳ የለበሰ እረኛ ከብቶቹን እየነዳ፣ ጠፈጠፉን ቀና ብሎም ሳያይ አለፈ። ከሣር የተጎነጎነው ገሳው ኪስ የለውም፣ ዚፕ የለውም፣ ማስታወቂያም የለውም። ዝናቡ በላዩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። ወጣቱ እስኪሰወርበት ድረስ በዓይኑ ተከተለው።

የአየር ትንበያን በተመለከተ በጠፈጠፍ ሥር አንድ መሣሪያ ብቻ አለ፤ «አሁን ያባራል» የሚል ሰው። ይህ ሰው በየጠፈጠፉ አይጠፋም፤ ተሳስቶም አያውቅም፤ የትኛው «አሁን» እንደሆነ ተናግሮ አያውቅማ። ባባራ ጊዜ ደግሞ ማንም ቀድሞ አይወጣም። ቀድሞ የወጣ ዝናቡን መልሶ ይጠራዋል የሚል እምነት ያለ ይመስላል፤ አጥኚው ካየው በመነሣት እምነቱን ለመቃወም አይደፍርም።

ቀድሞ የወጣው ወጣቱ ነው። ሻንጣውን አዝሎ ሁሉንም እጅ ነሥቶ ሲራመድ፣ ባለሱቁ ከመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ጮኸለት፦

«ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ በግራ በኩል ቁም፤ በቀኙ ያፈሳል!»